ኮምፖስት ሙያ ነው፤ እንደ ሙያ ይያዝ

በጥር 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ከከተማ ወጣ አድርጋ፣ ሰንዳፋ አካባቢ በተሠራ አዲስ ማስወገጃ መጣል ጀመረች። ግንባታው በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ የተካሄደ፣ ለዓመታት የታቀደና ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ነበር። ዕድሜው ግን ከወራት አላለፈም። በዙሪያው የሚኖሩ ገበሬዎች ሽታው፣ ከክምሩ የሚወርደው ፈሳሽና የከብቶቻቸው ጤና አሳስቧቸው አቤት አሉ፤ ተቃውሞው በረታ፤ በዚያው ዓመት ክረምት መኪኖቹ ወደ ቀድሞው ማስወገጃ፣ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ ደግሞ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገሪቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀች።

ስለነዚህ ሁለት ክስተቶች ብዙ ተብሏል፤ ስለ ካሳ፣ ስለ ቦታ መረጣ፣ ስለ ኃላፊነት። አንድ ጥያቄ ግን የሚገባውን ያህል አልተጠየቀም፤ እነዚያ መኪኖች የጫኑት ምን ነበር? በኢትዮጵያ ከተሞች የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት፣ ከቤትና ከገበያ ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና ዝቃጭ፣ የጫት ገረባ፣ የግቢ ቅጠልና ጥራጊ። ይህ ሁሉ ከአንድ ገበሬ ማሳ ተነሥቶ ከተማ የገባ የአፈር ምግብ ነው። ከተማዋ ለሰንዳፋ ገበሬ የላከችለት ይህንኑ የአፈር ምግብ ነበር፤ ግን ከፌስታል፣ ከጠርሙስ ስባሪና ከባትሪ ድንጋይ ጋር አደባልቃ፣ ማንም ሊነካው እንዳይፈልግ አድርጋ። ለይታና በሚገባ አብላልታ ብትልክለት ኖሮ፣ ያው ገበሬ ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛው ዕቃ ይሆን ነበር።

በከተማው ልጣጭና በገበሬው ማሳ መካከል ያለው ክፍተት በመሣሪያና በገንዘብ ብቻ የሚሞላ አይደለም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ኮምፖስት ሥልጠና፣ የጥራት መለኪያና የማያቋርጥ መረጃ የሚሻ ሙያ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን እስካሁን በአብዛኛው የተያዘው በዘመቻ ነው።

ብዙ ሰው ኮምፖስት ሲባል ቆሻሻ ቆልሎ እስኪበሰብስ መጠበቅ ይመስለዋል። ቆልሎ መተው የሚሰጠው ግን ሽታና ዝንብ ነው። በክምሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ዘአካላት ናቸው፤ እነሱም አየር፣ ውኃና የተመጣጠነ ምግብ ይሻሉ። የምግባቸው ሚዛን የሚለካው በካርቦንና በናይትሮጂን ነው፤ ለአንድ እጅ ናይትሮጂን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲኖር ሥራው ይፈጥናል። ገለባ፣ አገዳ፣ ደረቅ ቅጠልና ሰጋቱራ ካርቦን ያመዝንባቸዋል፤ እርጥብ ሣር፣ የአትክልት ልጣጭ፣ ፍግና የዶሮ ኩስ ደግሞ ናይትሮጂን። ልጣጭ ብቻ የቆለለ ሰው ክምሩ ይላቁጥበታል፤ ገለባ ብቻ የቆለለ ደግሞ ዓመት ጠብቆም የሚያገኘው ያንኑ ገለባ ነው። እርጥበቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከክምሩ መሃል አንድ እፍኝ ወስዶ አጥብቆ መጭመቅ ነው፤ ጠብ ጠብ ካለ ደኅና ነው፣ ከወረደ ውኃው በዝቷል፣ እጅን ካላረጠበ አንሷል።

ከዚያ ሙቀት ይመጣል። በሚገባ የተሠራ ክምር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ የአረም ዘርንና በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። የአሜሪካ ፌዴራላዊ ደንብ ከፍሳሽ ዝቃጭ በረድፍ ክምር የሚሠራ ኮምፖስት ቢያንስ ለ15 ቀናት ከ55 ዲግሪ ሳይወርድ እንዲቆይና በዚያ ጊዜ ውስጥ 5 ጊዜ እንዲገለበጥ ያዛል። የሚገለበጠው ቀዝቃዛው የክምሩ ዳር ወደ መሃል ገብቶ እሱም እንዲሞቅ ነው። አየር ያጣ ክምር ግን ሌላ መንገድ ይከተላል፤ ይሸታል፣ ሚቴን የተባለውንም ጋዝ ያወጣል። ሚቴን በ20 ዓመት ውስጥ ከባቢ አየርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ነው። ልጣጭን እንደ ቆሼ ባለ ክምር ውስጥ መቅበር ማለት ይህን ጋዝ ለዓመታት ማምረት ማለት ነው።

ሥራውን ያላወቀ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት በራሱ ክምር ላይ ብቻ አይቆምም። ያልበሰለ ኮምፖስት ማሳ ላይ ሲደርስ፣ ገና በመብላላት ላይ ስለሆነ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን ለራሱ ይሻማል፤ ቡቃያው ይገረጣል። ያልሞቀ ኮምፖስት የአረም ዘር ይዞ ይገባል። ያልተለየ ኮምፖስት የጠርሙስ ስባሪ ይዞ በባዶ እግሩ የሚያርሰውን ሰው ይቆርጣል። አንድ ገበሬ እንዲህ ያለ አንድ ኩንታል ከገዛ በኋላ ስለ ኮምፖስት ለጎረቤቱ የሚናገረው ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። የሙያው ስም የሚጠፋው በእንዲህ ያለው ጆንያ ነው፤ ስሙን ለመመለስም ዓመታት ይወስዳል።

ሌሎች አገሮች ይህን ተረድተው ሙያውን ሙያ ለማድረግ ብዙ ደክመዋል። እንግሊዛዊው የግብርና ተመራማሪ አልበርት ሃዋርድ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1931 ሕንድ ውስጥ በምትገኘው በኢንዶር ከተማ ሲሠራ፣ የሕንድና የቻይና ገበሬዎች ለዘመናት የሚያውቁትን ብስባሽ አሠራር አጥንቶ፣ መጠንና ቅደም ተከተል ሰጥቶ ለሌላው ማስተማር በሚቻልበት መልክ አዘጋጀው። ዛሬም በብዙ አገር የሚሰጠው ሥልጠና መሠረቱ ያ የኢንዶር ዘዴ ነው። በአሜሪካ ዛሬ ባዮሳይክል በሚል ስም የሚታወቀው የሙያው መጽሔት መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር። የአሜሪካ ኮምፖስት ምክር ቤት የሚባለው የሙያ ማኅበር ሥልጠና ይሰጣል፣ የምርት ጥራት ፈተና ሥርዓትም አለው። የኮምፖስት ጣቢያ ኃላፊዎች ተፈትነው የሙያ ማረጋገጫ የሚያገኙበት አሠራርም ተዘርግቷል።

መጽሔትና ማኅበር ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በአሜሪካዋ የዋሽንግተን ግዛት የሆነውን ማየት ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 ግድም ስፖኬንና ፑልማን በተባሉ ከተሞች ከሣርና ከገለባ የተሠራ ኮምፖስት የተጠቀሙ ሰዎች የቲማቲምና የባቄላ ተክላቸው ቅጠሉ ተጣምሞ ደረቀባቸው። ሲመረመር ክሎፒራሊድ የተባለ የአረም መድኃኒት ተገኘ። መድኃኒቱ ሣር ላይ ተረጭቶ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ ለወራት በሙቀት ሲብላላ ቆይቶም አልጠፋም ነበር። አምራቾቹ ለብቻቸው ቢሆኑ እያንዳንዱ ደንበኛውን አጥቶ በዝምታ ይዘጋ ነበር። ዜናው በሙያው መገናኛዎች ስለተሠራጨ ግን በሌሎች ግዛቶች ያሉ ጣቢያዎችም ምርታቸውን አስመረመሩ፣ ግፊቱም በረታ፤ በ2002 የመድኃኒቱ አምራች ኩባንያ በመኖሪያ ቤት ሣር ላይ መጠቀሙ እንዲቀር ጠየቀ። የአረም መድኃኒት አጠቃቀም በፍጥነት እየሰፋ ባለባት ኢትዮጵያ፣ የስንዴ ገለባ ለኮምፖስት የሚሰበስብ ማኅበር ይህን ወሬ ከማን ይሰማል? ዛሬ ስለዚህ ሙያ በአማርኛ በቋሚነት የሚዘግብ አንድ ስመ ጥር የኅትመት ውጤት መጥቀስ ይከብዳል።

ኢትዮጵያ ለሥራው እንግዳ አይደለችም። በዓለም ደረጃ ከሚጠቀሱት የኮምፖስት ታሪኮች አንዱ የተሠራው እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከትግራይ የግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ በአራት የገበሬ መንደሮች ሥራ ጀመረ። ከሥራው ጀርባ የነበሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ናቸው፤ ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም። የተመረጡት አካባቢዎች አፈራቸው የተራቆተ፣ ዝናባቸው አጭር፣ በሴቶች የሚመሩ ችግረኛ ቤተሰቦችም የሚገኙባቸው ነበሩ። ገበሬዎቹ ኮምፖስት ሲሠሩ እግረ መንገዳቸውን ቦረቦሩን ደፈኑ፣ ልቅ ግጦሽን የሚገድብ የአካባቢ ደንብ አወጡ፣ የመኖ ሣርና ዛፍ ተከሉ።

የዚህ ሥራ ትልቁ ትምህርት ሥልጠናው የተሰጠበት መንገድ ነው። ገበሬው የተነገረው "ኮምፖስት ጥሩ ነው" የሚል ስብከት አልነበረም። ዝናቡ ሲያበቃ፣ በመስከረምና በጥቅምት ሣሩ ገና እርጥብ ሳለ ክምሩን እንዲጀምር፤ ውኃ በሚያጥርበት ቦታ እርጥበት እንዲይዝ ጉድጓድ እንዲቆፍር፣ ዝናብ በሚበዛበት ደግሞ ከመሬት በላይ እንዲከምር፤ ደረቁን፣ እርጥቡን፣ ፍጉንና አፈሩን ተራ በተራ እንዲያነባብር፤ መሃሉ ላይ ረዘም ያለ ዘንግ እንዲሰካ ተማረ። ዘንጉን ነቅሎ በእጁ ሲነካው ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ሥራው በደኅና እየሄደ ነው፤ ደርቆና ቀዝቅዞ ከወጣ ውኃ ይጎድላል ወይም መገልበጥ አለበት። አንድም ቴርሞሜትር አልተገዛም። ክምሩ በጭቃና በገለባ ተለስኖ በትልልቅ ቅጠል ይሸፈናል፤ ጥላ ሥር ይሆናል። ይህን ሁሉ ገበሬው በዘንጉና በእጁ ይከታተለዋል።

ውጤቱም በአፍ አልቀረም። ኮምፖስት ከገባበት፣ ኬሚካል ማዳበሪያ ከገባበትና ምንም ካልገባበት ማሳ 1 ሜትር በ1 ሜትር እየተለካ እህሉ ተሰበሰበ፣ ተመዘነ። ለዓመታት የተጠራቀመው መረጃ እ.ኤ.አ. በ2007 ሮም ውስጥ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጉባኤ ላይ ቀረበ። ኮምፖስት የገባበት ማሳ ምንም ካልገባበት ጋር ሲነጻጸር በጤፍ፣ በገብስ፣ በስንዴና በሌሎችም ሰብሎች ምርቱ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሲሆን፣ ኬሚካል ማዳበሪያ ከገባበት ማሳ ጋርም እኩል ወይም የበለጠ ነበር። ገበሬዎቹ በራሳቸው ዓይን ያዩት ሌላም ነገር ነበር፤ ማሳው እርጥበት ይይዛል፣ በሚቀጥለውም ዓመት ኮምፖስት ባይጨመርበት እንኳ ጉልበቱ አይከዳውም። ዶክተር ተወልደብርሃን እ.ኤ.አ. በ2000 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በዋናነት በብዝኃ ሕይወትና በገበሬዎች መብት ተሟጋችነታቸው ነው፤ የኮምፖስቱ ሥራም ከዚያው እምነታቸው የወጣ ነበር።

ታዲያ ይህ ልምድ አገር አቀፍ ሲሆን ምን ሆነ? ኮምፖስት ወደ ግብርና ኤክስቴንሽኑ ገባ፤ ይህ በራሱ ትልቅ እርምጃ ነው። በየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አለ፣ የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የሌላቸው መዋቅር ነው። ነገር ግን ሥራው ሲሰፋ መለኪያው ተለወጠ። በየዓመቱ በዜና የሚሰማው ይህን ያህል ሚሊዮን ሜትር ኩብ ወይም ኩንታል ኮምፖስት "ተዘጋጀ" የሚል ነው። ስንቱ ሞቀ? ስንቱ ተገለበጠ? ስንቱ ማሳ ላይ ደረሰ? ናይትሮጂኑ ስንት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ኮታ የተሰጠው የልማት ሠራተኛ የሚቆጥረው ጉድጓድ ነው፤ ገበሬውም ጉድጓዱን ይቆፍራል። የትግራዩ ሥራ የተሳካው ግን ጉድጓድ ተቆጥሮ ሳይሆን እህል ተመዝኖ ነው። ሪፖርቱ ወደዚያ መመለስ አለበት።

የገበሬውም ችግር በሥልጠና ብቻ አይፈታም። በደጋው አገር ማገዶ ጠፍቷል፤ ስለዚህ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ገለባው የከብት ቀለብ ነው፣ አገዳው የቤት ማገርና ማገዶ ነው። ከማሳው የወጣ ወደ ማሳው አይመለስም። በአንጻሩ በጌዴኦ፣ በሲዳማና በጉራጌ የእንሰት ጓሮ የሚታየው ልምላሜ አለምክንያት አልመጣም፤ የከብቱ ፍግና የቤቱ ጥራጊ በየቀኑ የሚደፋው እንሰቱ ሥር ነው። አንድ እንሰት አብቃይ እናት የአፈር ሳይንስ ሳትማር የምታውቀውን የደጋው እህል አምራች የሚያጣው ባለማወቁ አይደለም፤ እጁ ላይ የሚተርፍ ነገር ስለሌለ ነው። ለዚህም ነው የከተማው ልጣጭ የገበሬው ጉዳይ የሚሆነው። ገጠር ውስጥ ያጠረው ጥሬ ዕቃ ከተማ ውስጥ ተትረፍርፎ ይጣላል።

እዚህ ላይ ሐቁን አለማጋነን ያስፈልጋል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጂን ይዟል። አንድ ኩንታል ጥሩ ኮምፖስት የሚይዘው ከ1 እስከ 2 ኪሎ ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ ክረምት ሁሉ አይለቀቅም። ኮምፖስት ነገ ጠዋት ዩሪያን ይተካል የሚል ሰው ገበሬውን ያሳስታል። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 በአንድ ውሳኔ የኬሚካል ማዳበሪያ ማስገባትን አግዳ ገበሬዋን በአንድ ሌሊት ወደ ተፈጥሮ ማዳበሪያ ለመውሰድ ሞከረች። የሩዝ ምርቷ አሽቆለቆለ፣ ሻይዋም ተጎዳ፣ እገዳው በወራት ውስጥ ተነሣ። ኮምፖስቱ አልተመረተም፣ ገበሬው አልሠለጠነም፣ ውሳኔው ግን ተወስኖ ነበር።

ኮምፖስት የሚሰጠውን ደግሞ ዩሪያ አይሰጥም። አፈሩን ያላላል፣ ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፣ ገበሬው የገዛው ማዳበሪያ በጎርፍ እንዳይታጠብ ይረዳል፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ዚንክ ይጨምራል። ከኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ የአፈር ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ በእንዲህ ያለ መሬት ዋናው መድኃኒት ኖራ ቢሆንም ኮምፖስት አጋዥ ነው። ከሁሉም በላይ ዋጋው በዓለም ገበያ አይናወጥም። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት የማዳበሪያን ዋጋ ሲያንረው የኢትዮጵያ ገበሬ ምን እንዳሳለፈ ይታወቃል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ብለዋል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ጎዴ ላይ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተስማምቷል። መልካም ነው። ከዚያ ገንዘብ እጅግ ትንሽ ክፍልፋይ የሚሆነው ለኮምፖስት ሥልጠና ቢመደብ፣ ያ ዩሪያ የሚያርፍበት አፈር የሚቀበለው ይሆን ነበር።

ወደ ከተማው እንመለስ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከቆሼ አጠገብ የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። የከተማዋ ቆሻሻ ግን በልጣጭና በውኃ የተሞላ ነው፤ እርጥብ ነገር በራሱ አይነድም፣ ሙቀቱን ውኃውን ለማትነን ይጨርሰዋል። ልጣጩን ለይቶ ማውጣት ለኮምፖስቱ ብቻ ሳይሆን ለማቃጠያውም ይበጃል። ሁለቱ ሥራዎች ባላንጣ አይደሉም።

መለየት ስንል ሕግ የለም ማለት አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ አባወራ መልሶ ሊጠቅም የሚችለውን ከሚወገደው እንዲለይ አዝዞ ነበር። አዋጁ ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት ሊሞሉት ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ፌስታል የኮምፖስት ቀንደኛ ጠላት ስለሆነ ይህ ለሙያው ትልቅ ዜና ነው። ነገር ግን ቤት ለቤት የሚዞሩት የጽዳት ማኅበራት አባላት በአብዛኛው የሚከፈላቸው ባመጡት መጠን ነው። የለየውም ያልለየውም እኩል ይከፈለዋል። ቆራሌው ጠርሙሱን፣ ብረቱንና ጀሪካኑን የሚለየው ማንም ሳያዝዘው ነው፤ የሚገዛው ስላለ ይለያል። ልጣጭ ግን ቆራሌ የለውም። ገዢ ከተገኘ ልጣጩም እንደ ጠርሙሱ ይለያል።

ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የምግብ ትርፍራፊ መሬት ውስጥ መቅበርን ከልክላለች፤ በ2013 ደግሞ ነዋሪው በጣለው መጠን እንዲከፍል አደረገች። በብዙ አፓርታማዎች ደጅ የቆመው ማጠራቀሚያ ነዋሪው ካርዱን ሲያስነካው ይከፈታል፣ የተጣለውን ይመዝናል፣ ሒሳቡን ይይዛል። ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የምግብ ትርፍራፊ ወደ መኖ፣ ወደ ኮምፖስትና ወደ ባዮጋዝ ይሄዳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የምግብ ትርፍራፊን ከሌላው ቆሻሻ ጋር መጣል ክልክል ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮ ይህን በ2009 ደንግጋለች። እዚያ የሚኖር የአገር ልጅ ሽንኩርት ልጦ ልጣጩን በተለየ ዕቃ ማጠራቀም የዕለት ልማዱ ሆኗል። ልማድ የሚሆነው ሲደጋገም ነውና፣ አዲስ አበባ ላይ የማይሆንበት ምክንያት አይታይም።

ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከእያንዳንዱ ቤት መጀመር የለባትም። መጀመሪያ ከገበያ ትጀምር። ከፒያሳ አትክልት ተራ ተነሥቶ በጃንሜዳ በኩል አድርጎ ኃይሌ ጋርመንት የሰፈረው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ በየቀኑ የሚያወጣው ቅጠልና ብስብስ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው፤ ባትሪም የታመመ ሰው መርፌም የለበትም። የጁስ ቤቶች ልጣጭ፣ የቡና ቤቶች ዝቃጭ፣ የሆቴሎች የአትክልት ትራፊ እንዲሁ። ለእነዚህ ብቻ የተለየ መኪናና የተለየ ቦታ መስጠት ከመቶ ሺዎች ቤት ጋር ከመታገል ይቀላል፤ የሚወጣውም ምርት የሚያኮራ ይሆናል። ኮምፖስት ከባድና ርካሽ ዕቃ በመሆኑ ሩቅ ሲጓዝ ትርፉን የትራንስፖርት ዋጋ ይበላዋል፤ ስለዚህ አንድ ግዙፍ ጣቢያ ከመገንባት በየአቅጣጫው ትንንሽ ጣቢያ ማቋቋም ይሻላል።

ገዢም አለ። በኮሪደር ልማቱ የተተከለው ሣርና አበባ፣ የሌማት ትሩፋት የሚያበረታታው የጓሮ አትክልት፣ የችግኝ ጣቢያዎች፣ በከተማዋ ዙሪያ ያሉ የአበባና የአትክልት እርሻዎች፣ ሁሉም የአፈር ማዳበሪያ ይፈልጋሉ። አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ቢሾፍቱ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቀሌ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል በተደገፈ ፕሮጀክት የከተማ ቆሻሻን ኮምፖስት አድርጎ ከከተማ አረንጓዴ ልማትና ከደን ተከላ ጋር ለማስተሳሰር ሞክረዋል። ሐሳቡ ትክክል ነው። የፕሮጀክት ዕድሜ ግን አጭር ነው፤ ፕሮጀክቱ ያሠለጠነው ወጣት ከተበተነ ጣቢያው ባዶ መጋዘን ይሆናል። በሙያው ደመወዝ የሚያገኝ፣ ማረጋገጫ ወረቀቱን ይዞ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ተቀጥሮ የሚሄድ ሰው ካልተፈጠረ ሁሉም ሥራ ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል።

ስለዚህ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት "የኮምፖስት ጣቢያ ሠራተኛ" የሚል የሙያ ደረጃ ይቅረጹ፤ እንደ ቧንቧ ሠራተኛውና እንደ ኤሌክትሪሻኑ የብቃት ምዘና ይኑረው። ሥልጠናው ሰሌዳ ላይ ብቻ አይቅር፤ ሠልጣኙ የራሱን ክምር ከመጀመሪያው ቀን እስከ መንፊያው ድረስ ይከታተል፣ ሙቀቱን በየቀኑ ይመዝግብ፣ በመጨረሻም ዘር ዘርቶበት ቡቃያውን ያሳይ። የአፈር ላቦራቶሪዎች ኮምፖስትንም ይመርምሩ፤ ለገበያ የሚቀርበው ጆንያ የናይትሮጂኑን መጠን፣ የበሰለበትን ወርና የአምራቹን ስም ይያዝ። የጽዳት ማኅበራት ልጣጩን ለይተው ሲያመጡ የተሻለ ይከፈላቸው። የክልል ሬዲዮ ጣቢያዎች በመስከረም ወር፣ ገበሬው ክምር በሚጀምርበት ሰሞን፣ ስለ ሥራው በየሳምንቱ ፕሮግራም ይኑራቸው፤ የሠሩት ገበሬዎች ራሳቸው ይናገሩ፤ ያልተሳካላቸውም ለምን እንዳልተሳካ ይናገሩ።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አብዛኛው የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። አስተማሪዎቹ አሉ፤ የትግራዩን ሥራ የሠሩ የግብርና ባለሙያዎች፣ በየዩኒቨርሲቲው በትል ኮምፖስት ላይ የሚመራመሩ መምህራን፣ ባዮጋዝ አስገብተው ዝቃጩን ማሳቸው ላይ የሚጠቀሙ ገበሬዎች። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር እነዚህን ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስበው የሙያውን ደረጃ ያስጽፉ፤ የመጀመሪያውም የሥልጠና ጣቢያ ልጣጩ በየማለዳው በሚቆለልበት በኃይሌ ጋርመንት ገበያ አጠገብ ይከፈት።